በጃንዋሪ ከሁሉም በታች፣ በጁን ባለ ዋንጫ፦ የ2018-19 የኤንኤችኤል የውድድር ዘመን እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ የዋሽንግተን ካፒታልስ ደጋፊ ስለሆነ ከእሱ ጋር እኔም የበረዶ ሆኪ ማየት ለመድኩ። የኤንኤችኤል፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ የ2018-19 የውድድር ዘመን ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጃንዋሪ ላይ ከሁሉም መጨረሻ የነበረው ሴንት ሉዊስ ዋንጫውን ወሰደ። 62 ጨዋታ ያሸነፈው ታምፓ ቤይ በመጀመሪያው ዙር አንድም ሳያሸንፍ ተሰናበተ። በእግር ኳስ ቢሆን አንደኛው ሻምፒዮን፣ መጨረሻው ወራጅ ነበር። ጓደኞቼ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተቀነባበረ ነው ይሉኛል። ታዲያ የ82ቱ ጨዋታ ጥቅም ምንድን ነው? ልጄ ከኤፕሪል በፊት ያለውን ማየቱስ ጊዜ ማባከን አይሆንም?»

ምላሽ፦ የተቀነባበረ ነገር የለም፤ 82ቱም ጨዋታ ከንቱ አይደሉም። ግራ ያጋባዎት ሁለት የተለያዩ ውድድሮችን እንደ አንድ መቁጠርዎ ነው፦ አንዱ የ82 ጨዋታው መደበኛ ውድድር፣ ሌላው ከኤፕሪል ጀምሮ 16 ክለቦች ለዋንጫው የሚፋለሙበት፣ በየዙሩ አራት ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍበት ጥሎ ማለፍ። የእግር ኳስ ሰንጠረዥ ያሳደገው ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ይሳሳታል። ቀኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከሴንት ሉዊስ ብሉዝ ልጀምር፤ ትልቁ የተሳሳተ ግንዛቤ ያለው እዚያ ነውና። ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ጠዋት ቡድኑ ከ31 ክለቦች መጨረሻ እንደነበረ እውነት ነው። 37 ጨዋታ ተጫውቶ 15 አሸንፏል፣ 18 በመደበኛው ሰዓት ተሸንፏል፣ 4 ደግሞ በጭማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ተሸንፎ 34 ነጥብ ይዟል (ድል 2 ነጥብ፣ በጭማሪ ወይም በመለያ ምት መሸነፍ 1 ነጥብ ያስገኛል)። ዓመቱን የጨረሰው ግን በ99 ነጥብ ነው። አሁን ቀንሰው ይመልከቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በነበሩት 45 ጨዋታዎች 30 አሸንፎ፣ 10 በመደበኛ ሰዓት ተሸንፎ፣ 5 በጭማሪ ተሸንፎ 65 ነጥብ ሰብስቧል። በዚህ አካሄድ ሙሉ 82 ጨዋታ ቢጫወት 118 ነጥብ ገደማ ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት ከታምፓ ቤይ በቀር ወደ 118 የተጠጋ አንድም ክለብ የለም፤ ቀጥለው የመጡት ካልጋሪና ቦስተን የጨረሱት በ107 ነው። እንግዲህ ኤፕሪል ላይ ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው ሴንት ሉዊስ የጃንዋሪው ደካማ ቡድን አልነበረም። ለሦስት ወር ያህል ከሊጉ ምርጦች አንዱ ሆኖ ሲጫወት የቆየ፣ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ዕዳ በሰንጠረዡ ላይ እየተከተለው የመጣ ቡድን ነበር።

ምን ተለወጠ? መጀመሪያ፣ ያ ስብስብ ከጅምሩም ለመጨረሻ ደረጃ የሚሆን ስብስብ አልነበረም። ክለቡ ጁላይ 1 ቀን 2018 ራያን ኦራይሊን ከበፋሎ አምጥቷል፤ በዚያው ሰሞን ዴቪድ ፔሮን፣ ታይለር ቦዛክና የከተማው ልጅ ፓትሪክ ማሩን ፈርመዋል። አዳዲስ ሰዎች ሲበዙ መግባባት ጊዜ ይወስዳል። ኖቬምበር ላይ አሰልጣኙ ማይክ ዮ ተሰናብቶ ክሬግ ቤሩቤ በጊዜያዊነት ያዘው፤ ውጤቱ ግን ወዲያው አልተስተካከለም፤ እንዲያውም ወደ መጨረሻው ደረጃ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የማነሳው «አሰልጣኝ ቀየሩና ዳኑ» የሚለው ቀላል ትረካ ከቀኖቹ ጋር ስለማይገጥም ነው። አለቆቹ ተደናግጠው ቡድኑን ቢበትኑት፣ ቭላዲሚር ታራሴንኮንና አምበሉን አሌክስ ፒየትራንጄሎን ቢሸጡ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር አይኖርም ነበር።

ቀጥሎ በረኛው ይመጣል። ጃንዋሪ 7፣ በእኛ የገና ዕለት፣ ጆርዳን ቢኒንግተን የሚባል የ25 ዓመት ወጣት በሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት ተሰልፎ ፊላደልፊያን 3 ለ 0 አሸነፉ። ከዓመት በፊት ክለቡ ቦታ ስላጣለት ለቦስተን ተጠባባቂ ክለብ፣ ለፕሮቪደንስ፣ በውሰት ተሰጥቶ የነበረ ልጅ ነው። በቀሩት ወራት 24 ጨዋታ አሸንፎ 5 በመደበኛ ሰዓት ተሸነፈ፤ ከተመታበት 1000 ምት 927ቱን የማዳን ያህል ብቃት አሳየ። ይህ ቁጥር ለሆኪ እንግዳ ለሆነ ሰው ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ በጎል ላስረዳዎ። በአንድ ጨዋታ አንድ በረኛ በአማካይ 30 ምት ያህል ይመታበታል። ከ1000 ምት 895 የሚያድን ደካማ በረኛና 927 የሚያድን ጎበዝ በረኛ በ30 ምት ላይ ያላቸው ልዩነት አንድ ጎል ነው። በየጨዋታው አንድ ጎል! ብዙ ጨዋታ በአንድ ጎል ልዩነት በሚያልቅበት ስፖርት ይህ ማለት ሌሎቹ 19 ተሰላፊዎች ምንም ሳይለወጡ ቡድኑ ከታች ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። እግር ኳስ ውስጥ ይህን የሚያህል ሥልጣን ያለው አንድ ቦታ የለም።

ወደ ታምፓ ቤይ እንሂድ። 62 አሸንፎ፣ 16 ተሸንፎ፣ 4 በጭማሪ ተሸንፎ 128 ነጥብ። 62ቱ ድል ዲትሮይት በ1995-96 ካስመዘገበው ክብረ ወሰን ጋር እኩል ነበር። ኒኪታ ኩቼሮቭ 41 አግብቶ 87 አመቻችቶ የዓመቱ ኮከብ ተባለ፤ አንድሬ ቫሲሌቭስኪ የዓመቱ ምርጥ በረኛ ሆነ። ይህ ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ ኮሎምበስን 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ከዚያ 5 ለ 1፣ 3 ለ 1፣ 7 ለ 3። በመደበኛው ውድድር አንደኛ የወጣ ክለብ በመጀመሪያው ዙር በአራት ተከታታይ ሽንፈት ሲሰናበት ያ የመጀመሪያው ነበር። ኩቼሮቭ በሁለተኛው ጨዋታ በፈጸመው ጥፋት ታግዶ ሦስተኛውን አልተጫወተም፤ ተከላካዩ ቪክቶር ሄድማንም በጉዳት የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ኮሎምበስም ቢሆን ሰንጠረዡ እንደሚያሳየው ቀላል አልነበረም፤ ፌብሩዋሪ ላይ ማት ዱሼንን አስመጥቶ፣ ሰርጌይ ቦብሮቭስኪን በረኛ አድርጎ፣ በ98 ነጥብ የገባ ክለብ ነው።

እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች አሉ፤ ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ የምክንያቱ ትልቅ ክፍል ሂሳብ ነው። ሥራዬ እነዚህን ቁጥሮች መመርመር ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ። አንድ ቡድን ከተጋጣሚው ይበልጣል እንበል፤ በየጨዋታው የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 60 ነው። ይህ በሆኪ ትልቅ ብልጫ ነው። እስከ ሰባት በሚደርስ ጨዋታ አራት ቀድሞ ማሸነፍ ያለበት ከሆነ ዙሩን የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 71 ይሆናል። ዋንጫ ለማንሳት ግን አራት ዙር ማለፍ አለበት፤ 71 በመቶን ለአራት ጊዜ ሲያባዙት የሚወጣው ከመቶ 25 ነው። በእያንዳንዱ ዙር የበለጠው ቡድን እንኳ ከአራት ዓመት በሦስቱ ዋንጫውን አያነሳም ማለት ነው። ያ ቡድን አራቱንም ተሸንፎ የመውጣት ዕድሉ ደግሞ ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም፤ ሊጉ በየዓመቱ 15 እንዲህ ያሉ ግጥሚያዎች ስላሉት አንድ ቀን መድረሱ አይቀርም።

ለምን ከመቶ 60 ትልቅ ብልጫ ሆነ? የገና ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሩሯ በዱላና በእግር ጫካ ውስጥ ስትገባ በየት በኩል እንደምትወጣ ማንም አያውቅም። በሆኪም አንድ ተከላካይ ከሩቅ የመታው ፓክ፣ ማለትም በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ፣ የራሱን አጥቂ ጉልበት ወይም የተጋጣሚን ዱላ ጠርዝ ነክቶ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ከጎሎቹ ብዙዎቹ እንዲህ የሚገቡ ናቸው። ኮከብ ተጫዋችም ከ60 ደቂቃው ከሲሶው ብዙም ሳይበልጥ ነው በሜዳ ላይ የሚቆየው፤ በየአንድ ደቂቃው ገደማ ተቀይሮ ይወጣልና። የእግር ኳስ ኮከብ 90 ደቂቃ ሙሉ ጨዋታውን በእጁ ይይዛል።

በዚህ ላይ የገንዘቡ ሕግ አለ። በ2018-19 አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሊከፍል የሚችለው ጣሪያ 79.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ በታች መውረድ የማይችልበት ወለል ደግሞ 58.8 ሚሊዮን ነበር። ሀብታሙ ክለብ የሚያወጣው ከድሃው በሲሶ ገደማ ቢበልጥ ነው። ማንቸስተር ሲቲ ከታችኛው ክለብ ጋር ያለውን የበጀት ርቀት ለለመደ ተመልካች ይህ ሌላ ዓለም ነው። ሊጉ ሆን ብሎ ቡድኖቹን አቀራርቧል፤ ያቀራረባቸው ቡድኖች ሲሸናነፉ ሊገርመን አይገባም። የዚያ ዓመት አራቱ የምድብ አንደኞች፣ ታምፓ፣ ዋሽንግተን፣ ናሽቪልና ካልጋሪ፣ ሁሉም በመጀመሪያው ዙር ወድቀዋል። ልጅዎ እንደማይረሳው እገምታለሁ፤ በ104 ነጥብ ምድቡን የመራው፣ ኦቬችኪን 51 ጎል ያገባለት፣ የቀደመውን ዓመት ዋንጫ የያዘው ካፒታልስ ኤፕሪል 24 ማታ በሰባተኛው ጨዋታ፣ በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት፣ በሜዳው በካሮላይና ተሸነፈ።

መውረድን በተመለከተ፣ ኤንኤችኤል ውስጥ ወራጅ ቀጠና የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ክለቦቹ የሊጉ ባለድርሻ ናቸው። በዚሁ የውድድር ዘመን መካከል፣ ዲሴምበር 2018፣ ሲያትል 32ኛ ክለብ እንዲሆን ሲፈቀድለት የመግቢያ ክፍያው 650 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያን ያህል የከፈለ ሰው በአንድ መጥፎ ዓመት ወደ ሁለተኛ ሊግ ልውረድ አይልም። እንዲያውም ከታች የጨረሱት በአዳዲስ ወጣቶች ምርጫ ቅድሚያ የማግኘት ዕድል ይሰጣቸዋል። መውረድ ያለበትን ሆኪ ማየት ከፈለጉ ወደ ስዊድን ይመልከቱ፤ ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል፣ 16 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ዩርጎርደን በ2022 ወርዶ እስኪመለስ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል።

የጓደኞችዎን ክስ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም፤ ምክንያቱም በዚያ ጥሎ ማለፍ ውስጥ ከባድ የዳኝነት ስህተቶች ነበሩ። ኤፕሪል 23 ቬጋስ በሰባተኛው ጨዋታ ሳን ሆዜን 3 ለ 0 እየመራ ዳኞች ያልተገባ የአምስት ደቂቃ ቅጣት (አንድ ተጫዋች ጎድሎ መጫወት) ሰጡበት፤ በዚያ አምስት ደቂቃ አራት ጎል ገባበትና በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተሸንፎ ወጣ። ሜይ ላይ ደግሞ ሳን ሆዜ ከሴንት ሉዊስ ጋር ሲጫወት በእጅ ለጓደኛ የተላለፈ ፓክ በዳኞች ሳይታይ ቀርቶ በጭማሪ ሰዓት የማሸነፊያ ጎል ሆነ። ልብ ይበሉ፣ ይህኛው ስህተት የጎዳው በኋላ ሻምፒዮን የሆነውን ሴንት ሉዊስን ነው። ውድድሩ ለእሱ የተጻፈ ድራማ ቢሆን ኖሮ ያ ጎል በተሰረዘ ነበር። ሊጉ ለቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በቪዲዮ እንዲታዩ ሕጉን አሻሻለ። ደካማ ዳኝነት አንድ ነገር ነው፣ የተሸጠ ጨዋታ ሌላ ነገር፤ የመጀመሪያው ማስረጃ አለው፣ ለሁለተኛው ጓደኞችዎ ከመገረማቸው ሌላ ያቀረቡት የለም።

ታዲያ 82ቱ ጨዋታ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ ደረጃ 31 ክለቦችን ወደ 16 ያወርዳል፤ 15ቱ ዋንጫውን የመንካት ዕድል ሳያገኙ ኤፕሪል 6 ቀን ዓመታቸው አለቀ። አንደኛ ለወጣውም የራሱ ዋንጫ አለው፤ ፕሬዚደንትስ ትሮፊ ይባላል፣ ታምፓም ወስዶታል። በተጨማሪም ከፍ ብሎ የጨረሰው ሰባተኛውን ጨዋታ በሜዳው ያደርጋል፤ ይህ ጥቅም ግን ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ሴንት ሉዊስ በፍጻሜው ከቦስተን አራት ድሎችን ሲያገኝ ሦስቱን ያገኘው ቦስተን ሜዳ ላይ ነው፤ ጁን 12 ቀን 4 ለ 1 ያሸነፈበትን ሰባተኛውን ጨዋታ ጨምሮ። ክለቡ በ1967 ከተመሠረተ ጀምሮ የመጀመሪያ ዋንጫው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ረጅሙ ውድድር ትክክለኛው መለኪያ ነው። ማን ጎበዝ ቡድን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ 82 ጨዋታ ከ4 ጨዋታ ይሻላል። ታምፓ ይህን ተረድቶ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከውርደቱ በኋላ አሰልጣኙን ጆን ኩፐርን አላባረረም፣ የስብስቡን አከርካሪ አልነካም። በ2020 በመጀመሪያው ዙር ያንኑ ኮሎምበስን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2021 ደገመው። በአራት ምሽት ላይ ተመሥርተው ያን ቡድን ቢያፈርሱት ምን ሊያጡ እንደነበር ያስቡ።

ሰንጠረዡ የራሱ ጉድለት እንዳለበትም አልደብቅም፤ እኔን በግሌ በየዓመቱ የሚያበሳጨኝ ነገር ነው። በኤንኤችኤል በማንኛውም መንገድ ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል፣ በጭማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈ ደግሞ 1 ነጥብ። ስለዚህ አንዳንዱ ጨዋታ በድምሩ 2 ነጥብ፣ አንዳንዱ 3 ነጥብ ያወጣል። በጭማሪ ሰዓት ደግሞ በአምስት ፈንታ ሦስት ለሦስት ሆነው ነው የሚጫወቱት፤ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ይሆናል። በዚያ እየኖረ ነጥብ የሚሰበስብ ቡድን ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ቆሞ ይታያል፤ ኤፕሪል ላይ ጭማሪው ሙሉ 20 ደቂቃ፣ አምስት ለአምስት፣ ጎል እስኪገባ ሲሆን ይጋለጣል። በዓለም አቀፍ ውድድሮችና በስዊድን በመደበኛ ሰዓት ላሸነፈ 3፣ በጭማሪ ላሸነፈ 2፣ በጭማሪ ለተሸነፈ 1 ይሰጣል፤ የሚሻለው ያ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄዎን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ልጅዎ ከኤፕሪል በፊት ያለውን ይመልከት፤ እርስዎም አብረውት ይመልከቱ፤ ነገር ግን የደረጃውን ተራ ቁጥር ትተው ሌላ ነገር ይከታተሉ። ከጃንዋሪ አጋማሽ ጀምሮ የእያንዳንዱን ቡድን የመጨረሻ 30 ጨዋታ ነጥብ ይቁጠሩ፤ ሴንት ሉዊስን አስቀድሞ ሊያሳይዎት የሚችለው ይህ ነበር። ስንቱን በመደበኛ ሰዓት እንዳሸነፈ ይለዩ። ሁለቱም ወገኖች አምስት አምስት ሆነው ሲጫወቱ ያለውን የጎል ልዩነት ይዩ፤ ፓወር ፕሌይ፣ ማለትም ተጋጣሚ በቅጣት ተጫዋች ሲጎድልበት የሚገኘው ዕድል፣ ደካማውን ጎን ሊሸፍን ይችላል። በመጨረሻም በረኛው ማን እንደሆነና ምን እያደረገ እንደሆነ ይወቁ። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ይህን በደብተር መያዝ ጥሩ የሂሳብ ልምምድ ነው፤ በሥራ ቀን ማታ የሚደረግ የጃንዋሪ ጨዋታ ትኬትም ከጥሎ ማለፉ ትኬት በጣም ይረክሳል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የበረኛ ቁጥር በአሥር ጨዋታ ላይ ተመሥርቶ አይፈረድበትም፤ አሥር ጨዋታ ያበራ በረኛ በሚቀጥለው አሥር ሊጠፋ ይችላል፣ ቢኒንግተንም ቢሆን ሊታመን የሚችለው ብዙ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነበር። ጃንዋሪ ላይ ከታች ያለ ቡድን ሁሉ ሴንት ሉዊስ ነው ብለው ደግሞ አይጠብቁ፤ ሎስ አንጀለስ በዚያው ዓመት ከታች ነበር፣ በ71 ነጥብ ከሊጉ የምዕራብ ክፍል ክለቦች መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ።

ይህን ሁሉ ይዘው ወደ ውርርድ እንዳይሄዱ ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የስፖርት ውርርድ አሁን በስልክ ውስጥ ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሰንጠረዥ ማንበብ ሲችል ገንዘብ ማግኘት የሚችል ይመስለዋል። ከላይ ያሰላነውን ያሳዩት፦ በእያንዳንዱ ዙር ከተጋጣሚው የሚበልጠው ቡድን እንኳ ከአራት ዓመት በሦስቱ ይሸነፋል፤ አወራራጁ ድርጅት ደግሞ ይህን ሂሳብ ከሁላችንም አስቀድሞ ሠርቶ ትርፉን ቀንሶ ነው ዋጋውን የሚያወጣው።